ሬሳ የሌለው ሙሾ

የእናቴ ታናሽ እህት አልቃሽ ነበረች። ጌዴኦ ውስጥ፣ አሪቻ በምትባለው ቀበሌያችን አካባቢ ሰው ሲሞት መጀመሪያ መልእክት የሚላከው መቃብር ለሚቆፍሩት ነው፤ ቀጥሎ ለእሷ። ዝናብም ይሁን የቡና ለቀማ፣ የያዘችውን ጥላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ድምጿ የሚያምር አልነበረም። ሻካራ ነው፤ የእንሰት ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። ግን ለቅሶ መጥቶ እንባ እምቢ ያለው ሰው፣ እሷ አፏን ስትከፍት ይፈታለታል።

የእሷ ሙሾ ስለ ሟቹ መልክ ወይም ጀግንነት አይናገርም። የሟቹን ጓሮ ነው የምትዞረው። ከቤቱ ጀርባ ካለው እንሰት ትነሣለች፣ ወደ ቡናው ትወርዳለች፣ ከዚያ ወደ ጥላ ዛፎቹ ትሻገራለች። ይሄን ዋንዛ ሴት ልጅህ የተወለደች ጊዜ ተከልከው፣ ይሄ ብርብራ ካባትህ የመጣ ነው እያለች፣ እያንዳንዱን ከእንግዲህ ማን ይኮተኩትሃል፣ ማን ይመለምልሃል ብላ ትጠይቀዋለች። እኛ አገር ተዳፋቱ ሁሉ እንዲህ ነው፤ እንሰቱም ቡናውም ዛፉም አንድ ላይ ነው የሚቆመው። ሰው ያልፋል፣ እነሱ ይቀራሉ። ስማቸው ሲጠራ ለቀስተኛው አንገቱን አዙሮ ያያቸዋል፤ ያኔ ነው የሰውዬው መሄድ የሚገባው።

ወንጌል አማኝ ነች፤ እሑድ እሑድ ትዘምራለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሙሾ አይወዱም፤ ተስፋ የሌለው ሰው ለቅሶ ነው ይላሉ። ሆኖም እሷ ስትነሣ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግቶ ወደ አጥሩ ዘወር የሚልላት ሽማግሌ አይጠፋም ነበር፤ በተለይ የገዛ እናቱ በሞተች ቀን።

ሙሾዋ አንድ ሕግ ነበረው፤ ሬሳ በሌለበት አይወርድም። ቡና ስትለቅምም ሆነ እንሰት ስትፍቅ በአፍንጫዋ እንኳን አታንጎራጉረውም። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ውኃ ስንቀዳ ዜማውን ሳላስበው ጀመርኩት። በእጇ ጀርባ አፌን መታችኝ። ከዚያ አዘነችልኝና ከመንገድ ዳር ሸንኮራ ሰብራ ሰጠችኝ፤ እያኘክኩ ስንሄድም ነገረችኝ፦ ሙሾ ሬሳ ፈልጎ ነው የሚወጣው፣ ካላገኘ ራሱ ሄዶ ይፈልጋል።

እኔ ካደግኩ በኋላ ወደ ዲላ ወርጄ ኮሌጁ በር አጠገብ ሻይ ቤት ከፈትኩ። ኮሌጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ሻይ ቤቴም ሁለት አግዳሚ ወንበር ጨመረች። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ተማሪዎች ጥለዋቸው ከሚሄዱ ወረቀቶች ነው። ገብቶኝም ሳይገባኝም አነበብኳቸው። ስለዚህ ከሰሜን የመጣው ወጣት መምህር የዝንጅብል ሻዩን እየጠጣ ስለ ሥራው ሲያወራኝ፣ እንዲህ ያለው ቋንቋ ለጆሮዬ እንግዳ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲው ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምሯል አለኝ። ሦስት ነገር አብረው ይሠራሉ፤ ለማንም ክፍት የሆነ በነፃ የሚገኝ ትምህርት ማዘጋጀት፣ ቅርስ መጠበቅ፣ ደግሞ ስለ አካባቢና ስለ ደን ማጥናት። የጌዴኦ ሰው በዚህ ተዳፋት ላይ ዛፍ ሳይጨርስ እንዴት እንደኖረ ዓለም መማር አለበት አለ። ያንን እውቀት ከሚሸከሙት ነገሮች አንዱ የሴቶች ለቅሶ እንደሆነ ሰምቷል። እትዬ፣ እንዲህ የምታለቅስ ሰው ታውቂያለሽ ወይ አለኝ።

አውቃለሁ አልኩት። ምን ልበል፣ ደስም ብሎኝ ነበር።

ከውጭ የመጣችው መምህርት ረጅም፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ነበረች፤ ጭቃውን ሳትጸየፍ እስከ አክስቴ ደጅ ወጣች። እኔ አስተረጎምኩ፤ እሷ ለመምህሩ፣ መምህሩ ለእኔ፣ እኔ በጌዴኦኛ ለአክስቴ። ቅቤና ቆጮ ቀረበ። አክስቴ እንግዳ ትወዳለች፤ እንግዲያው ፈረንጅ አገር ዋንዛ የለም ወይ ብላ ጠየቀች። የለም ሲሏት ከልቧ አዘነች። ምስኪኖች አለች፣ ቡናቸው ታዲያ ምን ጥላ ሥር ይቀመጣል? ቡናም የላቸውም ብዬ ስነግራት ከእንግዳዋ የተቀበለችውን የቡና ስኒ ሞልታ መልሳ ሰጠቻት።

ከዚያ ሙሾውን እንድታሰማቸው ጠየቋት።

አክስቴ አማርኛ ስትናገር ወንዱንም ሴቱንም በአንቺ ነው የምትጠራው። መምህሩን ቀና ብላ አየችውና፣

«ሬሳሽ የታለች?» አለችው።

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። አስረዳሁት። ለትምህርት ብቻ ነው ቢላት፣ ዝግ ባለ ድምፅ ትንሽ ብቻ ቢላት፣ ራሷን ነቀነቀች። ፈረንጇ ግን ቶሎ ገባት። መቅረጫውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እጇንም ደረቷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች። ይህ አክስቴን ደስ አሰኛት። ስንነሣ እስከ መንገድ ሸኘችንና፣ በሚቀጥለው ሰው ሲሞት ኑ፣ ያኔ አልከለክላችሁም አለች።

እንግዲህ ጥበቃው እንዲህ ተጀመረ። ፈረንጇ አገሯ መመለሻዋ እየቀረበ ዲላ ተቀምጣ ሰው እስኪሞት ትጠብቃለች። ሻይ ቤቴ ውስጥ ቀልዱ አላለቀም። ተማሪዎቹ መምህሩ ሲገባ ይነሡና «መምህር፣ ዛሬስ የሞተ የለም?» ይሉታል፤ እሱ ያፍርና ሻዩን ሳይጨርስ ይወጣል። አሪቻ ላይ ደግሞ አልጋ ላይ ከዋለ የቆየ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዐይኑን እሱ ላይ ጥሏል። ሽማግሌው ይህን ሰምቶ ገበያ በሚወርድ ሰው መልእክት ላከ፤ ለዩኒቨርሲቲው ንገሩልኝ፣ እኔ ገና ነኝ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ። በዚህ ስንት ቀን ሳቅን። አክስቴም ሳቀች።

ፈረንጇ መመለሻዋ ደርሶ ሄደች። ሽማግሌው ተሻለው፣ በከዘራ መሄድ ጀመረ። የሞተው የአክስቴ ልጅ ነው።

አንድ ልጇ ነበር። ገና አላገባም። ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ የብርብራውን ቅርንጫፍ ሊያሳሳ ወጣ፤ የቆመበት ቅርንጫፍ ውስጡ በስብሶ ነበር። ሲወድቅ ያየው የለም። ቀትር ላይ ምሳ ይዛለት የሄደችው እሷ ነች ያገኘችው።

ወሬው ዲላ ሲደርስ መምህሩ ሻይ ቤቴን ሳልዘጋ ደረሰ። አብሬሽ ልሂድ አለኝ። በዩኒቨርሲቲው መኪና ሄድን። መንገዱ የሚያልቀው ቡና ማጠቢያው ጋ ነው፤ ከዚያ በእግር ነው። ሲወርድ ቦርሳውን መኪናው ውስጥ ሆን ብሎ ሲተወው አየሁት፤ ባዶ እጁን ወጣ። መልካም ልጅ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሬሳው ተገንዞ ደጅ ወጥቷል። ሰዉ ጓሮውን ሞልቶታል። አክስቴ በሴቶች መሐል ቆማ ነበር፣ ነጠላዋ ወገቧ ላይ፤ ግን ዝም ብላለች። የሚያስነሣት ነገር የምትጠብቅ መስሎኝ ነበር። መምህሩ ጎንበስ ብሎ እግዜር ያጽናሽ ሲላት ቀና ብላ እጆቹን አየች።

«መቅረጫሽ የታለች?»

«እማማ፣ ዛሬ አላመጣሁም። ዛሬ ለለቅሶ ነው የመጣሁት።»

«የት ነች?»

«መኪና ውስጥ።»

«ሂጂ አምጪ።»

አማርኛ የሚሰማው ሁሉ ሰማ። መምህሩ ፊቱ ተለዋወጠ፣ እኔን አየኝ። እኔም እጇን ይዤ በጌዴኦኛ ተይው፣ ዛሬ ይቅር አልኳት። እጄን ለቀቀች።

«ሽማግሌው ቢሞት ይቀዱት ነበር አይደል? ልጄ ከሽማግሌ ያንሳል?»

መምህሩ ቁልቁለቱን ወረደ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ተቀመጡ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ እርስ በእርስ ተያዩ። ሬሳው ደጅ ሆኖ፣ ደመናው ከላይ እየጠቆረ፣ ሕዝቡ ዕቃ እስኪመጣ ጠበቀ። እውነቱን ለመናገር በኋላ የመጣው ክፉ ነገር ሁሉ ሥሩ እዚያ ጥበቃ ላይ ነው። አንዲት ጎረቤቷ ከኋላዬ ሆና ሬሳ ማሽን ይጠብቃል ወይ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

መምህሩ እያለከለከ ተመለሰ። አክስቴ ጀመረች።

ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ የተበተነው ይበቃል። ይህን ብቻ ልበል። ሌላ ጊዜ የምትጠራቸው ዛፎች ከሟቹ የሚረዝሙ ነበሩ። የልጇ ግን ገና የተከላቸው ነበሩ፤ ከጉልበት የማያልፉ፣ አንዳንዱም ከእሾህ አጥሩ ውስጥ ያልወጣ። አንድ በአንድ በስማቸው ጠራቻቸው። መሐል መሐል ላይ የእሱን ስም ታስገባለች፤ በርቀት ያለን ሰው ለምሳ እንደሚጠሩት አድርጋ። አጥሩ ጋ ዘወር ብለው የቆሙት ሽማግሌዎች ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መምህሩም መቅረጫውን በሁለት እጁ ይዞ እንባው ያለ ከልካይ ይወርድ ነበር።

ከወራት በኋላ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ የትብብሩ ቀን ተከበረ። አክስቴን ወስጄ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። መብራቱ ጠፋና የተዘጋጀው ትምህርት ግድግዳው ላይ ታየ፤ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ችግኞቹ፣ ከሥር የቃሉ ትርጉም በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከላይ የእሷ ድምፅ። በሚገባ የተሠራ ነገር ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። ፈረንጇም ከአገሯ ሆና በስክሪን ሰላም አለቻት። መምህሩ ይህ ትምህርት ክፍት ነው፣ ማንም የትም ሆኖ አውርዶ ሊማርበት ይችላል ሲል ሰው አጨበጨበ። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር የምታየው። ሲያልቅ ተነሥታ የመምህሩን ጉንጭ ሳመችው።

«ልጄን ፈረንጅ አገር አስገባሽልኝ» አለችው።

ያን ቀን እስከ መናኸሪያው በእግሯ ነው የሄደችው፤ ባጃጅ ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። ደስ ሲላት መራመድ ትወዳለች።

ባጃጁ የመጣው በቀጣዩ ክረምት ነው።

ጉልበቷን አሟት ሆስፒታል ላሳያት ወደ ዲላ አስመጣኋት። መናኸሪያው ጋ ተቀበልኳትና ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍቷል፤ ኪቦርድና ከበሮ፣ እንደ ሰርግ ዘፈን የሚያስጨፍር ዓይነት። ከኪቦርዱ ሥር የሴት ድምፅ አለ። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ከዚያ የአክስቴ እጅ ጭኔን ጨመቀው።

ራሷ ነበረች። ሙሾውን ቆራርጠው ቀጥለውታል። ዛፎቹን አውጥተዋቸዋል። የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ያ ለምሳ እንደሚጠራ የጠራችው ስም፣ ከበሮው በመታ ቁጥር፣ ደግሞ፣ ደግሞ፣ ደግሞ።

«ይቺን ከየት አመጣሽ?» አለችው ሾፌሩን። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር።

«ሜሞሪ ላይ ነች እማማ። ሱቅ ነው ያስጫንኳት።» በመስታወቱ ፈገግ አለላት። «አሪፍ ነች አይደል? አሁን ከተማው ሁሉ እሷን ነው የሚሰማው።»

«ማነች?»

«እኔ እንጃ። የገጠር ዘፋኝ ነች መሰለኝ።»

አክስቴ አቁሚ አለችው። አቆመ። ጭቃው ላይ ወረደችና ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ ዝም ብላ ቆመች፤ ባጃጁ ሄዶ ድምፁ እስኪጠፋ። እኔ ተከትያት ወረድኩ፤ ምን እያደረገች እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

መምህሩ ሲሰማ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ራሱን በእጆቹ ያዘ። ተማሪዎች ከኢንተርኔት አውርደውታል፣ አንዱ ኪቦርድ ጨምሮበታል፣ ፍላሽ ለፍላሽ ተሰጣጥተው ሜሞሪ የሚጭኑት ሱቆች ገብቷል። ማንም የከለከለው የለም፤ ክፍት ነው። ለመማሪያ የተከፈተው በር ለሁሉም ተከፍቷል። አብሮኝ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ እሺ መምህር ብለው ከኮምፒውተራቸው ያጠፉለታል። ከስልኮቹ ግን ማን ያጥፋው? ለፈረንጇም ጻፈላት። እሷም አዝና መለሰች፤ ኮሚቴ ተሰብስቦ ከእነሱም ድረ ገጽ ላይ ተነሣ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም አልኩት። አዎ አለኝ። ሻዩን አልጠጣም።

አሪቻ ግን ሌላ ነገር ነበር። እዚያ ያለ ሰው ዘፈን ነው አይልም፤ ሙሾ መሆኑን ያውቃል። ቡና ማጠቢያው ላይ የሚሠሩ ወጣቶች በሞባይል ከፍተው ቡና ይለቅማሉ፣ ሬሳ የለም። ሰርግ ቤት ይከፈታል፣ ሬሳ የለም። ያ ክረምት ደግሞ ክፉ ነበር። አንዲት ወላድ ሞተች። ጎርፍ አንድ አባወራ ወሰደ። ከዘራ ይዞ የነበረው ሽማግሌም ሞተ፤ ግን የእሱን ሞት ጊዜው ደርሶ ነው ያለ ሰው አላገኘሁም። ድምጿ ሬሳ እየጠራ ነው አሉ። ቀድሞስ ሰው ሳይሞት ሙሾ ቃል ገብታ የለም ወይ አሉ፤ ቃል ገባች፣ ልጇ ሞተ። ሬሳ ደጅ አስቀምጣ ማሽን አስጠበቀች። አሁን ማሽኑ እኛን ይጠብቃል።

የቤተ ክርስቲያኑ ወንጌላዊ ሰበከበት። ሞትን የሚያዝዘው እግዚአብሔር ነው እንጂ ሞባይል አይደለም አለ። ሰዉ አሜን አለ፤ ከጉባኤው ሲወጣ ግን በእሷ ደጅ ላለማለፍ ዞሮ ሄደ።

የሽማግሌው ቀብር ላይ ነበርኩ። አክስቴን የጠራት የለም፤ ሳይጠሯት መጣች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት፤ የለቀቁት ግን እንድትቆም አልነበረም፣ እንዳትነካቸው ነው። የመዘምራን ልጆች መዝሙር ዘመሩ። አንዴ ልትነሣ እንደሞከረች አየሁ፤ እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ። የሟቹ ታላቅ ልጅ፣ በእሷ ሙሾ እናቱን የቀበረ ሰው፣ ከወንዶቹ መሐል ወጥቶ ፊቷ ቆመ።

«እናቴ፣ እባክሽ ተይን። የቀረን ይብቃን።»

በትሕትና ነው የተናገራት። ቢሰድባት ይሻል ነበር። ተመልሳ እንሰቱ ሥር ተቀመጠች፤ አፈሩ እስኪከደን ከዚያ አልተነሣችም።

ከዚያ በኋላ ወደ ዲላ ይዣት መጣሁ። የልጇን ጓሮ ለሟች ባሏ ወንድሞች ተወችው። ሻይ ቤቴ በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ምስር ትለቅማለች። በእኛ በር ደግሞ የማያልፍ ባጃጅ የለም።

ያኔ ነው ያ ጭቃው ላይ የቆመችበት ነገር የገባኝ። ሙሾው በተሰማ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ትነሣለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፣ መንገዱ ዳር ትቆማለች። አታለቅስም፣ ድምፅ አታወጣም። ለቀብር እንደምትቆም ነው የምትቆመው፤ ባጃጁ እስኪያልፍ። ለምን ብዬ ስጠይቃት ልጅ የሆንኩ ያህል ገረማት።

«ለቀስተኛ ካለው ሬሳ አለው ማለት ነው። ሬሳው ልጄ ነው። እሱን ካገኘ ሌላ ሰው አይፈልግም።»

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። አንዱ በስልኩ ሊቀርጻት ሲሞክር ሻዩን ቀምቼ አባረርኩት። የባጃጅ ሾፌሮቹ አብደሻል እማማ እያሉ ጥሩምባ ያሰሙባታል። ኋላ ግን ማንነቷ ሲወራ አንዳንዱ በራችን ጋ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል። ያ የመጀመሪያው ሾፌር አንድ ቀን ቆሞ ወረደ፤ እጁን ዘርግቶ ይቅርታ እማማ፣ አጥፍቼዋለሁ አላት። ባረከችው። ከኋላው የመጣው ግን ከፍቶት ነበር፤ ስለዚህ እጁን እንደያዘች ዞራ ቆመች፤ እሱም ኮፍያውን አውልቆ አብሯት ቆመ።

እኔም መቆም ጀመርኩ። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም። ሻይ እየቀዳሁ ከሆነ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣለሁ፣ ነጠላዬን አስራለሁ፣ እወጣለሁ። ደንበኞቼ ለመዱት። መምህሩም እዚያ ካለ ይነሣል። አንዳንድ ቀን መንገድ ዳር የቆምነው የእውነት ለቅሶ እንመስል ነበር። ብርድ ይሁን ፀሐይ፣ ጉልበቷ ቢያማት፣ አንዲትም አታመልጣትም። ሰው እንዳይሞት በሯ ላይ ዘብ ቆማለች ብዬ ለመምህሩ ነገርኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ዳቦም ይሁን ሳሙና ይይዝላታል። የሥራ ውሉ ሲያልቅ ወደ አገሩ ሄደ። ሊሰናበታት ሲመጣ ለረጅም ጊዜ አብሯት ምስር ለቀመ።

ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት መጣ። ዘፈኑም እንደ ማንኛውም ዘፈን እያረጀ ሄደ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማል። አሪቻም ሰው መሞቱን ይሞታል፣ ግን በእሷ ማሳበቡን እየተዉት ሄዱ። አንዲት ዘመዳችን መጥታ፣ ጊዜው አልፏል፣ ተመለሺ፣ ሰው ሁሉ ናፍቆሻል አለቻት። ሲሞትባችሁ ማን ያለቅስላችኋል ብላ ጠየቀች አክስቴ። ማንም አለች ዘመዳችን፣ መዝሙር ነው። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፤ አልመለስም አላለችም፣ እመለሳለሁም አላለችም።

አንድ የገበያ ቀን ሽንኩርት ከምረን ሁለታችንም እየላጥን ነበር። ከመናኸሪያው በኩል ባጃጅ መጣ፤ ከሩቁ አወቅኩት፤ ኪቦርዱ፣ ከበሮው፣ ስሙ። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ግማሽ ተነሥቼ ነበር ዞር ስል፤ እሷ አልተነሣችም። ሽንኩርቱን እየላጠች ነው።

ባጃጁ ደረሰ። በራችን ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ፤ ሙዚቃው እላያችን ላይ ነው። ስሙ ይጠራል፣ ደግሞ ይጠራል። አክስቴ ወደ ባጃጁ ቀና አለች፣ ማን እንደወረደ ብቻ አየችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

አልሰማሽም ወይ አልኳት።

«ሰማሁ።»

«ታዲያ?»

የላጠችውን ሽንኩርት ሳህኑ ውስጥ ጣለች። ሌላ አነሣች። አገላብጣ አየችው፤ የምትናገረውን ከእሱ ላይ የምታነብ ይመስል ነበር።

«ምንም አላለኝም። ከትናንት በስቲያም ተነሥቼ ቆምኩ፣ ምንም አላለኝም። ስሙ ነው፤ ያንን አውቃለሁ። ልጄ ግን እዚያ ውስጥ የለም። ደግሞ ዛፎቹን ላስታውስ ብዬ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ዋንዛ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፋብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አውቀው ነበር። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ዜማው ውስጥ ነው የማውቀው፣ ያለ ዜማው አይመጣልኝም። ሬሳም የለም። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ባጃጁ ተነሥቶ ወደ ገበያው ወረደ።

«ተቀመጪ» አለችኝ። «ሽንኩርቱ አላለቀም።»

ነጠላዬን ፈታሁና ተቀመጥኩ።